«አይተውታል?» ስለ ፊልም ሒስና ስለ ሰው ክብር



ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ቁምስና እሑድ በቅዳሴ ላይ ስናስተምር፣ በወቅቱ ወጣቶች ተሻምተው ያዩት የነበረ አንድ ፊልም አንሥተን አጥብቀን ተናገርን። ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲከለክሉ፣ ወጣቶችም በገንዘባቸው ኃጢአትን እንዳይሸምቱ አሳሰብን። ስብከቱ የተዋጣልን መስሎን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ግን በዚያው ቁምስና የሚያገለግል አንድ ካቴኪስት ቀረብ ብሎ እጅ ነሣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባ፣ ፊልሙን አይተውታል?» ሲል ጠየቀን።

አላየነውም ነበር። የነገረን ሌላ ሰው ነው፤ ያም ሰው ከሌላ የሰማውን ነበር ያወራልን። ካቴኪስቱ ግን አይቶት ኖሮ፣ እኛ ዝሙትን ያሞግሳል ያልነው ፊልም ፍጻሜው ስለ ይቅርታ እንደ ሆነ በትሕትና አስረዳን። ስሕተታችንን በሚቀጥለው እሑድ በዚያው መንበር ላይ ቆመን አረምን። ኀፍረቱ ግን እስከ ዛሬ አብሮን አለ።

ይህን በራሳችን ላይ የምንመሰክረው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ፊልም የማያይ ቤት፣ ስላየውም ፊልም ፍርድ የማይሰጥ ሰው የለም። ጋዜጣ ላይ የሚጽፈው ሐያሲ ብቻ ሳይሆን፣ ልጁን «ይህን እይ፣ ያን ተው» የሚል አባት፣ ወጣቶችን ሰብስቦ የሚያስተምር ካቴኪስት፣ ከመንበሩ የሚናገር ካህን ሁሉ ሐያሲ ሆኗል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ በፊልም ላይ መፍረድ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ እንደ ማንኛውም ፍርድ የፍትሕ ግዴታ ያለበት ሥራ ነው? ፍትሕ የሚገባው ከሆነስ፣ የሚገባው ለማን ነው? ለተመልካቹ ነው፣ ለሠሪው ነው፣ ወይስ ለሌላ ለረሳነው ሰው?

ሳያዩ መፍረድ

ሳያዩ መፍረድ በሀገራችን ከሲኒማ ጋር አብሮ የገባ ልማድ ነው። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ ዘመን የተከፈተውን የፊልም ማሳያ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ብዙዎቻችን ሰምተናል። በነጭ መጋረጃ ላይ የሚራመድ፣ የሚስቅ፣ ነገር ግን ሥጋና ደም የሌለው ሰው ላየ ሰው ስያሜው የሚያስገርም አይደለም። ይሁን እንጂ ስሙን ከሰጡት ሰዎች ብዙዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። ቤቱ ስሙን ያገኘው በውስጡ ከሚታየው ነገር ይልቅ ደጅ ከቆመው ሰው ፍርሃት ነበር።

በኋላ ዘመን በየትንንሾቹ ከተሞች የቪዲዮ ቤት ተከፈተ። በቆርቆሮ ቤት ውስጥ በአግዳሚ ወንበር ተደርድሮ የህንድና የአሜሪካ ፊልም ያየ ትውልድ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል። አሁን ደግሞ ፊልሙ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ኪስ ገብቷል። በመካነ ሰላም የሚማር ተማሪ በእጅ ስልኩ የሚያየውን ወላጆቹም ሆኑ መምህራኑ አያውቁትም። በሩ ላይ ቆሞ የሚከለክል ዘበኛ የለም። ስለዚህ ክልከላ ብቻውን አይበቃም፤ ወጣቱ በልቡ ይዞት የሚሄደው የፍርድ ሚዛን ያስፈልገዋል። ሚዛኑን የምንሰጠው ደግሞ እኛ ነን፤ የእኛ ሚዛን የተዛባ እንደ ሆነ የእርሱም ይዛባል።

የአባቶቻችን የሙግት ሥርዓት በዚህ ረገድ የሚያስተምረን አለ። ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ጥላ ሥር ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይሟገታሉ፤ ዳኛውም ሁለቱን ሳይሰማ አይፈርድም። ኒቆዲሞስ በሸንጎ መካከል ተነሥቶ ሰው ሳይሰማ እንዳይፈረድበት የተሟገተው ስለዚሁ ሕግ ነበር። በሐሰት አትመስክር የሚለውም ትእዛዝ ቢሆን ዐውቆ መዋሸትን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ያላየነውን እንዳየን አድርጎ መናገር፣ ያላረጋገጥነውን ክፋት በሌላ ሰው ላይ ማጽናት በዚሁ ትእዛዝ ሥር የሚገባ የችኮላ ፍርድ እንደ ሆነ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያስረዳል።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ እንዳለ እናውቃለን። «ታዲያ መርዝ መሆኑን ለማወቅ መርዙን መቅመስ አለብን?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ነው፤ መታቀብና ማውገዝ አንድ አይደሉም። አንድ ሰው ለነፍሱ የማይጠቅም መስሎ የታየውን ፊልም «አላይም» ቢል መብቱ ነው፣ ጥበብም ሊሆን ይችላል። የሚያምነው ሐያሲ መክሮት ቢተወውም የተገባ ነው። «ይህ ፊልም ርኩስ ነው፣ ሠሪውም ርኩስ ነው» ብሎ በሕዝብ ፊት መመስከር ግን ሌላ ነገር ነው። እንዲህ የሚል ሰው ምስክር ሆኗልና አይቶ መሆን አለበት። አለዚያ ቢያንስ «ሰማሁ» ይበል፤ «ሰማሁ» ማለት ውርደት የለበትም።

ቤተ ክርስቲያን ያለፈችበት መንገድ

ይህን ትምህርት ቤተ ክርስቲያንም በአንድ ቀን አላገኘችውም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1936 ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሐዋርያዊ መልእክት በጻፉ ጊዜ ዋነኛ ጭንቀታቸው የተመልካቹ ነፍስ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በአሜሪካ ምእመናን ክፉ ፊልሞችን ላለማየት ቃል የሚገቡበት ማኅበር ተቋቁሞ ነበር፤ ፊልሞችም ለሁሉ የሚፈቀዱ፣ ለአዋቂዎች ብቻ የሚፈቀዱና የተወገዙ እየተባሉ በዝርዝር ይመደቡ ነበር። ዝርዝሩ ለብዙ ወላጆች ጠቅሟል። ነገር ግን ስሙ በዝርዝር ላይ የሰፈረ ፊልም ከዚያ በኋላ አይታይም፤ ስለማይታይም ፍርዱ ትክክል መሆኑን የሚመረምር አይኖርም።

እ.ኤ.አ. በ1960 የኢጣሊያኑ የፌዴሪኮ ፌሊኒ «ላ ዶልቼ ቪታ» በወጣ ጊዜ የቫቲካን ጋዜጣ በብርቱ አወገዘው። በሚላኖ የነበሩ አንዳንድ ኢየሱሳውያን ካህናት ግን ፊልሙን አይተው፣ በሀብትና በደስታ መካከል ባዶ የሆነችን ነፍስ የሚያሳይ መሆኑን ጻፉ። ከእነርሱም መካከል አባ ናዛሬኖ ታዴይ በዚህ ምክንያት ተግሣጽ ደርሶባቸዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ የማቴዎስን ወንጌል በፊልም ሠራ። ይህ ሰው በእግዚአብሔር አላምንም የሚል ማርክሳዊ ነበር። ቢሆንም ፊልሙን ለር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ መታሰቢያ አደረገው፤ ዓለም አቀፉ የካቶሊክ የሲኒማ ማኅበርም በቬኒስ ሸለመው።

ሲኒማ መቶ ዓመት በሞላው በ1995 እ.ኤ.አ. ቫቲካን አርባ አምስት ታላላቅ ፊልሞችን በሃይማኖት፣ በመልካም ዕሴትና በጥበብ ከፍላ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አሥራ አምስት አሥራ አምስት መርጣ ስታወጣ የፓዞሊኒ «የማቴዎስ ወንጌል» ከሃይማኖቱ ክፍል ነበር። ፌሊኒም በሁለት ፊልሞቹ በጥበቡ ክፍል ገባ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የምትከለክለውን ብቻ ትዘረዝር የነበረች ቤተ ክርስቲያን አሁን የምታመሰግነውን ዘረዘረች። በመካከሉም 2ኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1963 ስለ ማኅበራዊ መገናኛዎች ባወጣው ድንጋጌ እነዚህን መሣሪያዎች የሰው ልጅ ድንቅ ግኝቶች አድርጎ ተቀብሏቸው ነበር።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ መንገድ ውስጥ የሐያሲው ዐይን ያረፈው በሁለት ወገኖች ላይ ነው። መጀመሪያ ተመልካቹ እንዳይሰናከል ተጨነቀ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሠሪው እንዳይበደል ተጠነቀቀ። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። እኛ ግን ሦስተኛ ወገን እንዳለ ያስተማረን መጽሐፍ ወይም ጉባኤ ሳይሆን በወሎ ደጋ የሰማነው አንድ ጥያቄ ነው።

በመካነ ሰላም የተጠየቀ ጥያቄ

የአንድ ወዳጃችን አባት ዐርፈው ለልቅሶ ወደ መካነ ሰላም ሄደን ነበር። ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድና የአቀስታን ደጋ አልፎ ወደ ቦረና የሚወስደውን መንገድ የሄደበት ሁሉ ያውቀዋል። ማምሻውን በለቀስተኛው ቤት ቡና ተፈልቶ፣ ዘመድና ጎረቤት፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደ ወሎ ወግ አብሮ ተቀምጧል። የቤቱ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ለታሪክ ትምህርቱ የሚያጠናውን ፊልም በላፕቶፑ ከፍቶ በአንድ ጥግ ይመለከታል። ፊልሙ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ የሚያሳይ ነበር። ጥቂት በጥቂት የሁላችንም ዐይን ወደዚያው ዞረ።

በምስሉ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ታየች። ወደ ካሜራው ትመለከታለች፤ አታለቅስም። ከመካከላችን አንዲት አረጋዊት ሙስሊም እናት ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ኮረዳ እንደ ነበሩ ኋላ ሰምተናል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና፣

«ልጄ፣ ይቺን ልጅ ማን ብለው ጠሯት?» አሉ።

«ስሟ አልተነገረም፣ እማማ» አለ ተማሪው።

«እናቷስ?»

«እሷም አልተነገረም።»

ጥቂት ዝም ብለው፣ «እነሱስ አይተውታል ይሄን?» አሉ።

መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ቡናው ተቀዳ፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። እኛ ግን ሌሊቱን ስናስበው አደርን። ካቴኪስቱ «አይተውታል?» ብሎ የጠየቀን ስለ ፈራጁ ነበር። እኒህ እናት ደግሞ በዚያው ቃል ስለ ተፈረደባቸው ጠየቁ።

የወሎ ሰው ምስል

የዚያን ፊልም ታሪክ ባጭሩ እናስታውስ። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘ ፊልም በሀገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። መንግሥት ሊናገረው ያልወደደው የወሎ ረሃብ በዓለም ፊት ወጣ፤ እርዳታም ተሰበሰበ። በዚህ ፊልም ምክንያት ከሞት የተረፈ ሰው እንዳለ መካድ አይገባም።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ያው ፊልም ለሌላ ሥራ ዋለ። ደርግ በቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ በሚያሳይ ምስል መካከል የተራቡትን የወሎ ሰዎች እያስገባ አስቀጠለውና መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዐዲስ ዓመት ምሽት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ንጉሡም እንዲመለከቱ ተነገራቸው። በማግሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

አስተውሉ። የድግሱ ምስል ሐሰት አልነበረም፤ የረሃቡም ምስል ሐሰት አልነበረም። ንጉሡና መንግሥታቸው በወሎ ሕዝብ ፊት የሚጠየቁበት ነገር እንደ ነበረም ታሪክ ይመሰክራል። ነገር ግን ሁለት እውነቶች በመቀስና በሙጫ ሲቀጣጠሉ አንድ ሦስተኛ ነገር ይወለዳል፤ ይኸውም የቀጣዩ ፈቃድ ነው። በዚያ ምሽት የወሎዋ ልጅ ስለ ራሷ አልተናገረችም። በሌላ ሰው ክስ ውስጥ ማስረጃ ሆና ቀረበች። ማስረጃ ደግሞ ስም አያስፈልገውም።

ይህ ጥርጣሬ ብቻ እንዳልሆነ ጊዜው ራሱ አሳየ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ያው መንግሥት ዐሥረኛ የአብዮት በዓሉን በታላቅ ድግስ ሲያከብር ወሎ እንደ ገና ይራብ ነበር። በዚህ ጊዜም ረሃቡን ለዓለም ያሳየው የውጭ ካሜራ ነው። ኬንያዊው የፊልም ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተላለፈ። ዘፋኞች ዘፈኑ፣ ሚሊዮኖች ለገሱ፣ እህልም መጣ። የንጉሡን ድግስ በፊልም የከሰሰው መንግሥት የራሱን ድግስ የሚከስ ፊልም ሲመጣ አልወደደም። ለተራበው ሰው ብሎ አሳይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛውን ረሃብ ራሱ ቀድሞ ባሳየው ነበር።

የአረጋዊቷን ጥያቄ እንመልስ ካልን መልሱ ከባድ ነው። ቴሌቪዥን በ1967 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ብዙም ርቆ የማይታይ ነገር ነበር። በሳይንትና በለጋምቦ፣ በቦረናና በከላላ ያለ ገበሬ የወገኖቹ ፊት መንግሥት እንደ ለወጠ፣ ባሕር ማዶም ሰው እንዳስለቀሰ ቢሰማ እንጂ አላየም። ፊቱ የታየ ሕዝብ ፊልሙን አላየውም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን በውጭ ሀገር «ኢትዮጵያ» ሲባል ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ያ ፊት ሆነ። የወሎ ሰው ገበሬ መሆኑ፣ ባለ ቅኔና ባለ መንዙማ መሆኑ፣ እንግዳ ተቀባይነቱ፣ ቀልዱና ሙግቱ ከካሜራው ውጭ ቀረ።

እንግዲህ በዚያ ጊዜ ካሜራውን ማንሣት ኃጢአት ነበርን? አይደለም እንላለን። ሰው በእሳት ውስጥ ሲሆን ስሙን ሳይጠይቁ «ድረሱለት» ብሎ መጮኽ ይገባል፤ ያ ጩኸት የምጽዋት ወንድም ነው። ነገር ግን ጩኸቱ ዕዳ አለበት። የሰውን ውርደት ስለ እርሱ ብለን ካሳየን፣ ለእርሱ እስከ ዋለ ድረስ ብቻ ነው የምንጸድቅበት። ለሌላ ዓላማ ባዋልነው ጊዜ፣ ዓላማው መልካም ቢሆን እንኳ፣ ከድኻው ያለ ፈቃዱ ወስደናል። ደግ ሰው ለተራበ እንጀራ ሲሰጥ ፊቱን ዘወር የሚያደርገው ተቀባዩ እንዳያፍር ነው። ካሜራ ግን ፊቱን ዘወር ማድረግ አይችልም፤ ስለዚህ የያዘው ሰው ሊያፍርለት ይገባል።

ሁለት የሀገራችን ፊልሞች

ይህን ሚዛን ይዘን በቅርብ ዘመን በሀገራችን ልጆች ከተሠሩት ሁለት ፊልሞችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው «ድፍረት» ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተጠለፈች የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ስትቀርብ፣ አንዲት ሴት የሕግ ባለሙያ ስትቆምላት ያሳያል። መነሻው በ1980ዎቹ መጨረሻ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ርእሱ ራሱ ጥልቅ ነው፤ ድፍረት ጀግንነትም ነው፣ በሴት ልጅ ላይ የሚፈጸም በደልም ነው። ጠለፋ ባህል ነው ተብሎ በታለፈበት ሀገር፣ በደጋውም በቆላውም ያሉ አባቶች ሊያዩት የሚገባ ፊልም ነው። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያድነው እንደ ነበረ፣ በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕግ ግን ይህን እንዳስቀረ ለወጣቶቻችን ልንነግራቸው ይገባል።

ነገር ግን ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አቤት ያለችው ጠላፊው ወይም የእርሱ ወገን አልነበረም። አቤት ባይዋ ታሪኩ የደረሰባት ሴት ራሷ ነበረች፤ ያለ ፈቃዴ ታሪኬ ተወሰደ አለች። ኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። በዚህ ነገር ማን ትክክል እንደ ነበረ የመፍረድ ሥልጣን የለንም። ሐያሲው ግን ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ሴት ልጅ ያለ ፈቃዷ መወሰዷን የሚቃወም ፊልም ስለ ፈቃድ ሲከሰስ፣ የሰው ሥቃይ እጅግ መልካም ለሆነ ዓላማ እንኳ ሲነገር የባለቤቱ ፈቃድ ምን ያህል ክቡር እንደ ሆነ ያስተምረናል። ፊልሙን እናመሰግናለን፤ አቤቱታውንም ከፊልሙ ጋር አብረን እናስተምራለን።

ሁለተኛው ያሬድ ዘለቀ የሠራው፣ በእንግሊዝኛ «ላምብ» ተብሎ የወጣው ፊልም ነው፤ ጠቦት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም በዓል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ ገብቶ የታየ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱን በድርቅ ያጣ ኤፍሬም የሚባል ልጅ ከሚወዳት በጉ ጋር በተራራማ ሀገር ለሚኖሩ ዘመዶች ይሰጣል፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ይሄዳል። አጎቱ በጓን ለበዓል ሊያርዳት ያስባል። ልጁ ደግሞ ወንድ ሆኖ ወጥ መሥራት ይወዳል፤ በዚህም ይነቀፋል። ነገሩ ሁሉ ይህን ያህል ትንሽ ነው።

እኛ ግን ፊልሙን ስናይ የመካነ ሰላሟን እናት አስታወስን። ይህም ልጅ የድርቅ ልጅ ነው። በአርባ ዓመት በፊቱ ፊልም ውስጥ ቢሆን ኖሮ ወደ ካሜራው ሲመለከት ለጥቂት ሰኮንድ ታይቶ ያልፍ ነበር። እዚህ ግን ስም አለው። የእናቱን የወጥ አሠራር ያውቃል። ይዋሻል፣ ይቀናል፣ ይሸጣል፣ ይነግዳል፣ የሚወደውንም ለማዳን ያቅዳል። ያዘንነው ስለ ተራበ ብቻ አይደለም፤ ስላወቅነው ነው። ረሃብን ሳይደብቅ ሰውን ከረሃቡ አስበልጦ ማሳየት እንደሚቻል ይህ ፊልም ይመሰክራል። ነቀፋ የለበትም አንልም፤ አንዳንድ ቦታ የተራራውና የሰማዩ ውበት ከገበሬው ድካም ይልቅ ለእንግዳ ዐይን የተዘጋጀ ይመስላል። ብርዱን የምናውቅ ሰዎች ብርዱን አላገኘነውም። ነገር ግን ልጁን አግኝተነዋል።

የዚህ መንገድ ቀዳሚ ቀድሞም ነበረ። የዲምብልቢ ፊልም ለዓለም በታየበት በዚያው ዘመን፣ የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን በገበሬዎች መካከል፣ በአማርኛ፣ የተዋናይነት ሙያ በሌላቸው ሰዎች ሠርቶት ነበር። በዚያም ድኻው ይታያል፤ ነገር ግን ይናገራል፣ ይማረራል፣ በጌታው ላይም ይፈርዳል።

ለካቴኪስቶቻችን

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ሚዛን ረጅም አይደለም። ከወጣቶች ጋር ስለ አንድ ፊልም ስትነጋገሩ ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛ፣ አይተነዋልን? ካላየነው አንፍረድ፤ «ሰማሁ» ብለን እንለፍ። ከተቻለ አብረን እንይ። ከልጁ ጋር ተቀምጦ ያየ አባት ከደጅ ሆኖ ከሚጮኽ አባት ይልቅ ይሰማል።

ሁለተኛ፣ ካየነው በኋላ ወደ ሰው ስንወጣ ምን ሆነን ወጣን? ጎረቤታችንን፣ ድኻውን፣ ሴቲቱን፣ ጠላታችንን እንኳ የምናይበት ዐይን ጠራ ወይስ ደፈረሰ? በዚህ ረገድ የዱሮ አባቶች ስለ ተመልካቹ ነፍስ መጨነቃቸው ዛሬም አላረጀም። ሰውን ሥጋ ብቻ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም በመኝታ ቤት ትዕይንት ብቻ አይታወቅም፤ ሰው እንደ ዝንብ የሚረግፍበት፣ ተመልካቹም የሚያጨበጭብበት ፊልም ከዚያ አያንስም። ጦርነትና ሐዘን በደጃችን ባለፈበት በዚህ ዘመን ይህን ለወጣቶቻችን ማስረዳት አይከብድም።

ሦስተኛ፣ በፊልሙ ላይ የታዩት ሰዎች ቢያዩት ምን ይሉ ነበር? ያፍሩ ነበርን? ይቆጡ ነበርን? ወይስ «አዎን፣ እኛ ነን» ይሉ ነበር? ይህ ጥያቄ በእውነተኛ ታሪክ ላይ ለተሠራው ፊልም ብቻ አይደለም። ገበሬ ሞኝ፣ የቤት ሠራተኛ ማላገጫ፣ አካል ጉዳተኛ ማስለቀሻ ሆኖ በሚቀርብበት የቀልድ ፊልም ላይም ይሠራል። ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ ዛሬ ፊልም ሠሪ ሆኗልና ለራሱም ይጠይቀው። በመንገድ የወደቀ ሰው ቀርጾ ከማሠራጨቱ በፊት ስሙን ይጠይቅ፤ ሰውየው መልስ መስጠት ካልቻለ ደግሞ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ያንሣው። ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ያገኘውን ቁስለኛ አይቶ አዘነ፤ ያዘነውንም በዘይትና በወይን፣ በአህያውና በገንዘቡ ገለጸ። ካህኑና ሌዋዊውም አይተው ነበር። ማየት ብቻውን አያጸድቅም።

እኛም በሙሉ ንጽሕና የምንናገር አይደለንም። በየስብከታችን ምሳሌ ስናደርግ የድኻ ምእመናንን ታሪክ ሳናስፈቅድ ስንት ጊዜ አንሥተናል? ለእርዳታ ጥያቄ ብለን የሕፃናትን ፎቶግራፍ ስንት ጊዜ ልከናል? ያም ከመስከረም 1967ቱ ፊልም ጋር በመጠን ቢለያይ በባሕርይ ዘመዱ ነው። ይህን ከጻፍን ወዲህ አንድ ልማድ ለራሳችን ሠርተናል፤ ስለ አንድ ሰው ችግር ከመናገራችን በፊት ያ ሰው ከፊታችን ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚሰማን እናስባለን። ብዙ ጊዜ ቃላችንን እንለውጣለን፤ አንዳንድ ጊዜም ዝም እንላለን።

ያች ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ምናልባት በአንዱ የወሎ መንደር አያት ሆና ቡና ታፈላ ይሆናል፤ ምናልባትም ያን ክረምት አልዘለቀችም። እኛ ስሟን አናውቅም፤ የፈጠራት ግን ያውቀዋል። ስለ ማንኛውም ምስል ፍርድ ልንሰጥ አፋችንን በከፈትን ጊዜ፣ እርሷም ከእኛ ጋር ተቀምጣ እንደምታይ አስበን እንናገር። ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን።